ባትሪው ስላበራ ብቻ ደህና ነው ማለት አይደለም

ባለፉት ዕትሞች በዚህ ዓምድ ስለ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃና ስለ ውሃ አያያዝ ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ በየቤታችን ጥግ ተቀምጦ ማታ ማታ ብርሃን የሚሰጠንን፣ ካልሞተ በቀር ግን ዞር ብለን የማናየውን ዕቃ እናነሳለን። የሶላሩን ባትሪ ማለታችን ነው።

ርዕሱን ያለ ምክንያት አልመረጥነውም። ወደ ዝግጅት ክፍላችን ከሚመጡት ጥያቄዎች አንዱ ደጋግሞ ይመጣል፦ «ዲፕ ሳይክል ነው ተብዬ የገዛሁት ባትሪ ዓመት ሳይሞላው ሞተብኝ። ነጋዴው አታሎኝ ይሆን?» የሚያታልል ነጋዴ የለም አንልም፤ አለ። ግን እዚህ ካኩማ ዞር ዞር ብለን ባየናቸው ቤቶች አብዛኛው ባትሪ የሞተው ሱቅ ውስጥ ሳይሆን ቤት ውስጥ ነው፤ ያውም በአንድ ቀን ሳይሆን በየማታው ጥቂት በጥቂት። እስኪጠፋ ድረስ ይጠጣል፣ በማግስቱም ሳይሞላ እንደገና ይጠጣል።

ኪሳራው ደግሞ ቀላል አይደለም። ለአንድ ቤተሰብ ባትሪ ማለት የብዙ ወር ቁጠባ ነው፤ አንዳንዴም ውጭ ያለ ዘመድ ስንት ለፍቶ የላከው ገንዘብ ነው። የሰው ስልክ ቻርጅ እያደረጉ ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች አሉ። ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር አምቡላንስ የሚጠራው በስልክ ነው። ለኢንተርቪው ሲደወል ስልክ ተዘግቶ መገኘት ምን ማለት እንደሆነም ለካምፕ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

በመጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት የተሠራ ነው፤ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ፕሌቶች ስስና ብዙ ናቸው። ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጉልበት ይሰጣል፣ ከዚያ የመኪናው ዲናሞ ወዲያው ይሞላዋል። ሌሊቱን ሙሉ አምፖል እንዲያበራ ሲታዘዝ ግን ቶሎ ይሰበራል። ዲፕ ሳይክል የሚባለው ፕሌቱ ወፍራም ነው፤ ቀስ እያለ ለብዙ ሰዓት መስጠትና እንደገና መሞላት ይችላል። በአንዳንዱ ላይ «ማሪን» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ለጀልባ የተሠራ ማለት ነው። ነጋዴው ይህን እያሳየ ዋጋ ይጨምራል፤ ነገር ግን ማሪን የተባለ ሁሉ እውነተኛ ዲፕ ሳይክል አይደለም። ብዙዎቹ በመኪና ባትሪና በዲፕ ሳይክል መካከል ያሉ፣ ሞተርም እንዲያስነሱ መብራትም እንዲያበሩ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ባትሪው ላይ የአምፔር ሰዓቱ ቁጥር ሳይኖር የማስነሻ አምፔሩ ብቻ በትልቁ ተጽፎ ካያችሁ ጠርጥሩ።

ጀልባን ካነሳን አይቀር፣ በጀልባ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ከእኛ ጋር የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ባሕር መሃል የመንግሥት መስመር የለም። ሬዲዮው፣ የሌሊት መብራቱ፣ ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ ሁሉ በባትሪ ነው። ስለዚህ ሁለት ልማድ አላቸው። አንደኛው፣ ሞተር የሚያስነሳውን ባትሪ ከቤቱ ባትሪ ይለያሉ፤ ቴሌቪዥንና መብራት የፈለገውን ያህል ቢጠጣ የማስነሻው አይነካም። ሁለተኛው፣ ባትሪያቸውን በግምት ሳይሆን በቁጥር ይጠብቃሉ። እኛም ሁለቱንም ልማድ ብንወስድ አይጎዳንም። ለምሳሌ ትንሽ አሮጌ ባትሪ ወይም ከነፓኔሏ የምትሸጥ የእጅ ሶላር መብራት ያለው ቤት፣ እሷን ለአንድ ስልክና ለአንድ መብራት ብቻ ለይቶ ቢያስቀምጥ፣ የኳስ ምሽት ትልቁን ባትሪ ቢጨርሰውም በችግር ጊዜ የሚደወልበት ስልክ አይጠፋም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የእርሳስ ባትሪ ጉልበት ሲሰጥ ፕሌቶቹ ላይ ሰልፌት የሚባል ነገር ይለጠፋል። ቻርጅ ሲደረግ ይለቃል። ይህ ተፈጥሮው ነው፣ በሽታ አይደለም። በሽታ የሚሆነው ሲቆይ ነው። ሊጥ የነበረበትን ቡሖቃ አስቡት፤ ወዲያው ከታጠበ በእጅ ይለቃል፣ ለሁለት ለሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ከተተወ ግን በድንጋይ ቢፈገፈግም እንቢ ይላል። ሰልፌቱም እንደዚያው ይደርቅና ያንን የፕሌቱን ክፍል ይዞት ይቀራል። መቶ አምፔር ሰዓት ብላችሁ የገዛችሁት ባትሪ ሰባ ይሆናል፣ ከዚያ ሃምሳ፣ ከዚያ «ወዲያው ይሞላል፣ ወዲያው ያልቃል» የምንለው ዓይነት ይሆናል።

ስለዚህ ሕጉ ይህ ነው፦ ከግማሽ በታች አታውርዱት፣ በወረደ ቁጥር ደግሞ በማግስቱ ሙሉ በሙሉ ሙሉት። «ግማሹን ብቻ ከተጠቀምኩ ለምን ሙሉውን ገዛሁ ታዲያ?» ለሚል ሰው መልስ አለን። እስከ ግማሽ ብቻ የሚወርድ ባትሪ በየማታው ባዶ ከሚሆነው ጋር ሲተያይ ወደ እጥፍ ለሚጠጋ፣ አንዳንዴም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ይሞላል፣ ይወርዳል። ሰማይ የደመነ ቀን ደግሞ ያ የቀረው ግማሽ መጠባበቂያ ይሆናል። ከሁሉም በላይ፣ ግማሽ የጎደለውን በአንድ ቀን ፀሐይ መሙላት ይቻላል፤ ባዶውን ግን በእኛ ፓኔል መጠን አይቻልም፣ ሳይሞላም ያድራል።

ግማሽ መሆኑን በምን እናውቃለን? በአምፖሉ አይደለም። ዛሬ ያሉት የኤል ኢ ዲ አምፖሎች ባትሪው ሊሞት ሲል እንኳ ደህና አድርገው ያበራሉ። አንዲት እናት ባትሪያቸውን እንዲያይ ሠራተኛ ሲጠሩ፣ «ልጄ፣ እስከ ትናንት እኮ እንደ ጨረቃ ያበራ ነበር» አሉት። እሱም ቴስተሩን አውጥቶ ለካና፣ «እማማ፣ አምፖሉ ያበራው ከባትሪው ዕድሜ ላይ እየቆረሰ ነው» አላቸው። ከዚህ የተሻለ አባባል አላገኘንም።

ቴስተር የሚባለው ዕቃ በየኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤቱ አለ። ውድ አይደለም፤ አራት አምስት ጎረቤት ተዋጥቶ አንድ ቢገዛ ለሁሉም ይበቃል። ማዞሪያውን ዲሲ 20 ቮልት ላይ ታደርጋላችሁ፣ ቀዩን ሽቦ ፕላሱ ላይ፣ ጥቁሩን ማይነሱ ላይ ታስነካላችሁ። ቁጥሩን ማንበብ ቀላል ነው፤ ሰው የሚሳሳተው በሰዓቱ ነው። ፓኔሉ እየሞላ ሳለ ብትለኩ 13 ወይም 14 ቮልት ያሳያችኋል፤ ያ የባትሪው ሳይሆን የቻርጁ ቁጥር ነው። ቴሌቪዥን ተከፍቶ ብትለኩ ደግሞ ካለው አሳንሶ ያሳያል። ትክክለኛው ቁጥር የሚገኘው ባትሪው ለጥቂት ሰዓት ሲያርፍ ነው። ለእኛ የሚመቸው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ማታ ሁሉም ጠፍቶ ካደረ በኋላ፣ ፀሐይ ፓኔሉን ሳትነካው፣ ማለትም 12 ሰዓት ከመሆኑ በፊት።

በዚያ ሰዓት 12.6 ወይም 12.7 ካነበባችሁ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ ያህል ነው። 12.2 እና 12.1 መካከል ሲደርስ ግማሽ ገደማ ነው፤ መስመራችን እዚህ ላይ ነው። 11.9 ከሆነ ብዙ ወርዷል፤ 11.8 እና ከዚያ በታች ባዶ ነው ብላችሁ ቁጠሩት። የታሸጉት፣ ጄል ወይም ኤጂኤም የሚባሉት፣ ከዚህ በጥቂቱ ከፍ ብለው ያሳያሉ። ልዩነቱ የነጥብ ቤት ስለሆነ እንደ ቀልድ አትዩት፤ በ12.7 እና በ11.8 መካከል ያለችው ያቺ 0.9 ቮልት የባትሪው ሀብት በሙሉ ናት።

«ቻርጅ ኮንትሮለሩ ራሱ ይቆርጠው የለ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ይቆርጣል። ግን አብዛኛው ኮንትሮለር የሚቆርጠው 11 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ያ ገደል አፋፍ ላይ የተሠራ አጥር እንጂ የመንገዱ ምልክት አይደለም። የሚያሳዝነው ደግሞ አጥሩንም የሚዘሉ መኖራቸው ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ኮንትሮለሩ ይቆርጣል፣ ወጣቶቹ ሽቦውን ከኮንትሮለሩ ነቅለው በቀጥታ ባትሪው ላይ ያስራሉ። ጎሉ ይታያል። ከባትሪው ዕድሜ ስንት ሳምንት እንደተበላ ግን ማንም አያይም።

ቁጥሩን ካወቅን በኋላ የሚቀረው ሂሳብ ነው። በሚያዋጣ ምሳሌ እንየው። 100 አምፔር ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ አለን እንበል። ግማሹ 50 ነው፤ በጀታችን ይህ ነው። ባለ 6 ዋት አምፖል በ12 ቮልት ግማሽ አምፔር ይጠጣል፤ ሦስት አምፖል ለአምስት ሰዓት ሲበራ 7.5 ይሆናል። ባለ 48 ዋት ቴሌቪዥን 4 አምፔር ነው፤ ለአራት ሰዓት 16። አንድ ስማርት ስልክ ለመሙላት ከነብክነቱ አንድ ተኩል ገደማ ብንይዝ ለአሥር ስልክ 15። ድምሩ 38.5 ነው፣ በጀቱ ውስጥ ነን። አሁን የተረሳውን እንጨምር፦ ኢንቨርተሩ። ምንም ነገር ሳይሰካበት ተከፍቶ ብቻ 12 ዋት የሚበላ ኢንቨርተር ብርቅ አይደለም። ያ አንድ አምፔር ነው፤ ሃያ አራት ሰዓት ከተተወ 24። ድምሩ 62.5 ሆነ፣ ከመስመሩ አለፍን። ኢንቨርተሩን ቴሌቪዥኑ በተከፈተበት አራት ሰዓት ብቻ ከከፈትነው ግን 42.5 ላይ እንቆማለን። አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ከሦስት አምፖል የበለጠ ጉዳት አላት። አምፖልና ስልክ በቀጥታ በ12 ቮልት መሥራት ስለሚችሉ በኢንቨርተር ማሳለፍ አያስፈልግም።

በነገራችን ላይ ያ 100 የሚለው ቁጥር የተሰላው በሃያ ሰዓት ነው፤ 5 አምፔር ለሃያ ሰዓት ማለት ነው። በአንድ ጊዜ 20 አምፔር የሚጎትት ሰው አምስት ሰዓት አያገኝም፣ ያንሰዋል። ካውያና ማንቆርቆሪያ በኢንቨርተር ላይ የሚሰካ ካለ ይህን ይወቅ።

የወጣው ደግሞ መመለስ አለበት። የእርሳስ ባትሪ ከወሰዳችሁበት ላይ ትርፍ ይጠይቃል፤ 42 ለወሰደ ሰው 50 ገደማ መመለስ ይኖርበታል። ባለ 100 ዋት ፓኔል ደህና ፀሐይ ላይ 5 አምፔር ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ይሰጣል፤ ጥሩ የሚባለው ፀሐይ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ነው ብንል፣ በቀን 25 ወይም 30 አገኘን። አልበቃም! በብዙ ቤት ያየነው ችግር እዚህ ላይ ነው። ባትሪው ቶሎ አለቀ ሲባል ሰው ሄዶ ትልቅ ባትሪ ይገዛል። ትልቁ ባትሪ በዚያው ትንሽ ፓኔል መቼም አይሞላም፣ ሰልፌቱ ይደርቅበታል፣ እሱም በተራው ይሞታል። እኛን የሚጠይቀን ሰው ካለ፣ ገንዘቡ የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ከሆነ ከባትሪው በፊት ሁለተኛ ፓኔል ይግዛ እንላለን። ያለውንም ፓኔል በማለዳ፣ መስታወቱ ሳይግል፣ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው፤ የካኩማ አቧራ ሥራውን ያውቃል።

የጀልባዎቹ ሰዎች ከቴስተር አልፈው ሻንት በሚባል መሣሪያ ይጠቀማሉ። በባትሪው ማይነስ ሽቦ ላይ ይገባና የገባውንና የወጣውን አምፔር እየቆጠረ «ይህን ያህል በመቶ ቀርቷል» ይላል። አሁን በስልክ የሚነበቡም አሉ። ስልክ በብዛት ቻርጅ ለሚያደርግ ወይም ፍሪጅ ላለው ሱቅ ይጠቅማል። ግን እሱም ቢሆን የሚያምነው የነገራችሁትን ነው። ባትሪው አርጅቶ 70 ሆኖ ሳለ 100 ነው ካላችሁት ከ100 ይቆጥራል፤ ባትሪው በትክክል ሲሞላ እየታደሰ ካልሄደም ቁጥሩ ቀስ በቀስ ከእውነቱ ይርቃል። ለቤተሰብ ግን ቴስተርና አንድ የልጆች ደብተር ይበቃል። በየማለዳው ቀኑንና ቁጥሩን ጻፉ፤ ንባብ የሚለማመድ ልጅ ካለ ሥራው የሱ ይሁን። ሰኞ 12.5፣ ማክሰኞ 12.4፣ ረቡዕ 12.3፣ ሐሙስ 12.2 ካለ የምትወስዱት ከምትመልሱት በልጧል ማለት ነው፤ መብራቱ ሳይጠፋ በፊት አወቃችሁ። አንድ ሁለት ቀን ቴሌቪዥኑን አሳርፉት፣ ቁጥሩ ሲመለስ ታያላችሁ። ጭነት ሳይጨምር፣ ፀሐይም ሳይቀንስ ቁጥሩ በየሳምንቱ ዝቅ እያለ ከሄደ ግን ባትሪው አርጅቷል።

አሮጌ ባትሪ ስትገዙም ይኸው ዕውቀት ይሠራል። ሻጩ ገና ከቻርጅ ነቅሎ 12.9 ቢያሳያችሁ አትደነቁ። «ወንድሜ፣ አንድ የመኪና የፊት መብራት አምፖል እንሰርበትና ግማሽ ሰዓት ሻይ እንጠጣ» በሉት። የታመመው ባትሪ ሻዩ ሳይበርድ ራሱን ያጋልጣል።

ስለ ሊቲየም የጠየቃችሁንም አልረሳንም። በቅርብ ዓመታት ከሶላር ጋር እየመጣ ያለው ሊቲየም ፎስፌት የሚባለው ባትሪ ከግማሽ በታች፣ እስከ 80 በመቶ ድረስ ቢወርድ እንኳ ያን ያህል አይጎዳም፤ ቀላልም ነው፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ነገር ግን ከላይ የሰጠናችሁ የቮልት ቁጥሮች ለሱ አይሠሩም፤ ሊያልቅ እስኪል ድረስ 13 ቮልት አካባቢ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆይና ድንገት ይወርዳል። ኮንትሮለሩም ለሊቲየም የሚስተካከል መሆን አለበት። ሁለቱን ዓይነት በአንድ ሽቦ አጣምሮ ማሰር ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም።

የሙቀቱ ነገር ለእኛ ዋና ነው። የባትሪ ዕድሜ የሚሰላው በ25 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ በላይ አሥር ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል። የቆርቆሮ ቤታችን ቀትር ላይ ስንት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ባትሪውን ከጣሪያው አርቃችሁ፣ ወደ መሬት ዝቅ አድርጋችሁ፣ ጣውላ ላይ፣ ፀሐይ የማይደርስበትና ነፋስ የሚያልፍበት ቦታ አስቀምጡት። ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ነው፣ እሳት ካገኘ ይፈነዳል። የቡና ከሰል ካለበት ጥግ ይራቅ፤ ልጆች ከሚተኙበትም እንደዚሁ።

ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ከሆነ በወር አንድ ጊዜ ክዳኑን ከፍታችሁ እዩት። ፕሌቱ ከውሃው በላይ ከታየ ጉዳት ጀምሯል። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፤ የቦርሆል ውሃ ጨውና ማዕድን አለው፣ ፕሌቱን ይበላል። አሲድ ጨምሩበት የሚላችሁን አትስሙ፤ የሚተነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም። ውሃውም የሚሞላው ከቻርጅ በኋላ ነው፣ ቀድሞ ከተሞላ ሲሞቅ ይፈሳል። አሲድ ዓይን ወይም ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ሳትዘገዩ በብዙ ንጹህ ውሃ ለሩብ ሰዓት ያህል አጥቡ፣ ከዚያ ወደ ክሊኒክ ሩጡ።

በመጨረሻ የሞተው ባትሪ አለ። በየግቢው ጀርባ ተጥሎ ልጆች ሲቀመጡበት፣ አንዳንዱም ለእርሳሱ ሲል በመዶሻ ሲሰብረው አይተናል። ይህ ጨዋታ አይደለም። ሞምባሳ ውስጥ ኦዊኖ ኡሁሩ በሚባል ሰፈር ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ ያቀልጥ የነበረ ፋብሪካ ነዋሪውን በእርሳስ መርዞ እ.ኤ.አ. በ2014 ተዘግቷል። ነዋሪዎቹ ከሰው በ2020 ፍርድ ቤት 1.3 ቢሊዮን ሽልንግ ካሣ ፈረደላቸው፤ ይግባኝ ሰሚው ቢሽረውም የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 መልሶ አጸናላቸው። ካሣው ግን ልጅ አእምሮ ውስጥ የገባውን እርሳስ አያወጣም፤ ትንንሾቹን ነው ይበልጥ የሚጎዳው፣ ትምህርት ለመቀበል ያላቸውን ችሎታ ይቀንሳል። ስለዚህ የሞተ ባትሪ ያላችሁ አትስበሩት፣ አሲዱንም መሬት ላይ አትድፉት። እንደቆመ፣ ክዳኑ ሳይከፈት፣ ለአሮጌ ባትሪ ሰብሳቢ በኪሎ አስመዝናችሁ ሽጡት፤ አዲስ የምትገዙ ከሆነም አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ከዋጋው እንዲቀነስላችሁ ተደራደሩ።